ሩዝ ቢጫ ሲል ከዩሪያው በፊት ግንዱን ይዩ፦ ዘላይ ተባይን እንዴት እንፈትሻለን?

በጎንደር በኩል፣ በፎገራም ሆነ በሊቦ ከምከም፣ ሩዝ ቢጫ ሲል ብዙ ሰው ቶሎ የሚለው "ዩሪያ አንሶት ነው" ነው። ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። ግን ቢጫው ክብ ሠርቶ እየሰፋና እየደረቀ ከሄደ ዩሪያውን ለጊዜው ያቆዩት። ምክንያቱ ዘላይ ተባይ ከሆነ ዩሪያ ተክሉን ያለሰልሳል፣ ለተባዩም ድግስ ነው።

እነዚህ ነፍሳት ከግንዱ ታች፣ ውሃው አጠገብ ተቀምጠው ጭማቂ ይመጥጣሉ። በጣም የታወቀው ቡናማው የእስያ ተባይ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ የእሱ ዘመዶች አሉ። ርዝመታቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከመንገድ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው አያገኛቸውም።

ስለዚህ ይግቡ። ሩዙ ቁጥቋጦ ማብዛት ከጀመረ አንስቶ በየሳምንቱ ማሳውን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ያቋርጡ። 20 ያህል ቦታ ላይ ይቁሙ። ተክሉን ጎንበስ አድርገው ግንዱን በእጅዎ መታ መታ ያድርጉ፣ ከዚያ ውሃውን ይዩ። ወደ ጎን የሚፈናጠር ነገር፣ ነጭ የተጣለ ቆዳ፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽና በላዩ የበቀለ ጥቁር ሻጋታ ምልክቶች ናቸው።

በአንድ ግንድ በአማካይ አንድ ተባይ እንኳን ካልሞላ አይርጩ፣ መከታተል ይበቃል። ሸረሪቶቹንም ይቁጠሩ፤ እነሱ ተባዩን የሚበሉ ነጻ ሠራተኞችዎ ናቸው።

መርጨት ለምን የመጨረሻው ነገር ሆነ? ሴቷ እንቁላሏን ቅጠሉ ግንዱን በሚያቅፍበት ክፍል ውስጥ ትቀብራለች፣ መድኃኒቱ እዚያ አይደርስም። ሸረሪቶቹ ይሞታሉ፤ ከሳምንት ትንሽ አለፍ ብሎ እንቁላሉ ሲፈለፈል የሚበላቸው የለም። ጫጩቶቹ 5 ጊዜ ቆዳ ቀይረው ያድጋሉ፣ በአንድ ወር ገደማም አዲስ ትውልድ ይመጣል። ሲጨናነቁ ረጅም ክንፍ ያላቸው ይበዙና ወደ ጎረቤት ማሳ ይበራሉ። ኢንዶኔዥያ ይህን በደንብ ቀምሳዋለች፤ በ1986 እ.ኤ.አ. 57 ዓይነት የፀረ ተባይ ምርቶች በሩዝ ላይ እንዳይረጩ ከልክላለች።

ቁጥሩ ከጨመረስ? ዩሪያውን አንዴ ከመድፋት በ2 ወይም በ3 ጊዜ ይከፋፍሉት። በሚቀጥለው ዓመት ዘሩን አያጥብቁ። ውሃውን ለ3 ወይም ለ4 ቀን ማጠንፈፍም ይረዳል፤ ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው በሚተኙበት ነሐሴ ግን ይህ ምክር ወሬ ብቻ ነው። መርጨት ግድ ከሆነ ባለሙያ ያማክሩ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ፣ ርጭቱም አናቱን ሳይሆን ግንዱን ያግኝ።

የተባዩን ዓይነት መለየት ለዓይን ከባድ ነው። ጥቂቶቹን የፋርማሲ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ይክተቱና ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወይም ወረታ ላለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያሳዩ። ቀኑንና ቦታውን በእርሳስ ይጻፉ፤ እስኪርቢቶ አልኮል ሲነካው ይለቃል።