የሚርገበገብ የላንድክሩዘር ኤልኢዲ ባውዛ፦ ጥፋቱ ማሳው ላይ ነበር

ምልክቱ፦ ባውዛው ሲበራ ይደበዝዛል፣ ጎርባጣ መንገድ ላይ ይርገበገባል። ሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ገበያው) ወርዶ አዲስ ሪሌ (በማብሪያው ትእዛዝ የባውዛውን ትልቅ ከረንት የሚከፍትና የሚዘጋ) ከመግዛት በፊት ማሳውን፣ ማለትም የባውዛው ነጋቲቭ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰርበትን፣ መለካት ይሻላል።

ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጎ፣ አንዱን ጫፍ ባትሪው ነጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የባውዛው ነጋቲቭ ገመድ ላይ ማስያዝ። መብራቱ የግድ መብራት አለበት፤ ጠፍቶ ከተለካ ዜሮ ያነባል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። ጤነኛ መስመር ከ0.2 ቮልት አይበልጥም፤ ይሄኛው 1.9 አነበበ። የማሳው ቡሎን ሲፈታ ከሮንዴላው ስር የመኪናው ቀለም እንዳለ ተቀምጧል፤ ብረት የነካው የቡሎኑ ጥርስ ብቻ ነው።

ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያብለጨልጭ መፋቅ፣ አጥብቆ ማሰር፣ ከላይ ግሪስ መቀባት። ግሪሱን አትዝለሉት፣ የአዲስ አበባ ክረምት የተፋቀ ብረት ቶሎ ያዝጋል። ከዚያ በኋላ ንባቡ 0.05 ሆነ።

ሌላው መስመር፦ 120 ዋት በ12 ቮልት 10 አምፔር ስለሚስብ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድና 15 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። የሪሌው እግሮች በቁጥራቸው፦ 30 ከፊውዙ፣ 87 ወደ ባውዛው፣ 86 ወደ ማብሪያው፣ 85 ወደ ማሳ። ፊውዙ ባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን፤ ርቆ ከተቀመጠ በመሃል ያለው ገመድ ተልጦ ብረት ቢነካ የሚያቋርጠው ነገር ስለሌለ ይቃጠላል።