ለጅማ ቤት የሂት ፓምፕ ውሃ ማሞቂያ እንዴት ይመረጣል?

ሂት ፓምፕ አሠራሩ የፍሪጅ ነው። ፍሪጅ ከውስጡ ያወጣውን ሙቀት በጀርባው በኩል ወደ ኩሽናው እንደሚለቅ ሁሉ፣ ይህ መሣሪያም ከአካባቢው አየር የሰበሰበውን ሙቀት በኮምፕረሰር አማካይነት ወደ ውሃው ታንከር ያስገባል። ስለዚህ በምቹ አየር 1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ተጠቅሞ 3 ኪሎዋት ሰዓት የሚያህል ሙቀት ሊሰጥ ይችላል፤ የተለመደው ቦይለር ግን ከተጠቀመው ኤሌክትሪክ በላይ ሙቀት ሊያወጣ አይችልም። ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ጅማ አየሯ ለዘብተኛ ስለሆነ ለዚህ መሣሪያ ትመቻለች፤ ክረምቷም ረጅምና ደመናማ በመሆኑ፣ የፀሐይ ማሞቂያ በሚደክምባቸው ወራት ሂት ፓምፑ ሥራውን ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ምርጫው ከሱቅ ሳይሆን ከቤት፣ ከመለካት ሊጀምር ይገባል ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ የሚፈልገውን የሙቅ ውሃ መጠን ይወቁ። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ሻወሩ ሥር ያስቀምጡና ሰዓት ይያዙ። ባልዲው በ2 ደቂቃ ተኩል ከሞላ፣ ሻወሩ በደቂቃ 8 ሊትር ያወርዳል ማለት ነው፤ 7 ደቂቃ የሚታጠብ ሰውም 56 ሊትር ይጠቀማል። ይህ ግን ሁሉም ከታንከሩ የሚወጣ አይደለም፤ የቧንቧው ውሃ 20 ዲግሪ፣ የታንከሩ 55 ዲግሪ ቢሆን፣ ለገላ የሚስማማ 40 ዲግሪ ውሃ ለማግኘት ከታንከሩ የሚያስፈልገው ለአንድ ሰው 32 ሊትር ገደማ ነው። አምስት ሰዎች በተከታታይ ቢታጠቡ 160 ሊትር ይሆናል። ሁሉም ጠዋት ላይ ለሥራና ለትምህርት የሚሽቀዳደሙበት ቤት 200 ሊትር ታንከር ያስፈልገዋል፤ ግማሹ ማታ የሚታጠብ ከሆነ ግን 150 ሊትሩ ይበቃዋል።

ቀጥሎ የማሞቅ ፍጥነቱን ያገናዝቡ፤ ብዙ ገዢዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው። 1.5 ኪሎዋት ሙቀት የሚሰጥ ሂት ፓምፕ 150 ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። እንግዳ ሲበዛ የሚያፋጥነው በታንከሩ ውስጥ ያለው ተጨማሪ ሬዚስታንስ፣ ማለትም እንደ ተለመደው ቦይለር ውሃውን በኤሌክትሪክ በቀጥታ የሚያሞቀው ብረት ነው፤ እሱ በሠራ ቁጥር ግን የቁጠባው ጥቅም ይቀራል።

ሱቅ ሲደርሱ መሣሪያው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያንብቡ። የሚሰጠው ሙቀትና የሚስበው ኤሌክትሪክ ለየብቻ በኪሎዋት ይጻፋሉ፤ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ሲያካፍሉ የብቃት ቁጥሩን ያገኛሉ። ነገር ግን ቁጥሩ በስንት ዲግሪ አየር እንደተለካ መጠየቅ ግድ ነው፤ በ20 ዲግሪ አየር የተገኘ ውጤት በ7 ዲግሪ ከተገኘው ይበልጣልና። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ የጅማን ብርድ የሚያውቅ ሰው፣ ይልቁንም ወደ ጅሬን ኮረብታ ከፍ ብሎ የሚኖር፣ በዝቅተኛው ዲግሪ የተለካውን ቁጥር ቢያይ ይሻለዋል።

የሚቀመጥበት ቦታ ሰፊ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ታንከሩና ኮምፕረሰሩ አንድ ላይ የሆነው ዓይነት ቢያንስ 28 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ያለበት ክፍል ይፈልጋል፤ በጠባብ ዕቃ ቤት ከተዘጋበት ራሱ ያቀዘቀዘውን አየር መልሶ እየሳበ ይደክማል። የሚተፋው ቀዝቃዛ አየርም የሚደርስበትን ቦታ ያስቡ፤ ሊጥ የተቦካበት ዕቃ ካለበት ጥግ ጋር ካገጣጠሙት እርሾው ይዘገያልና እንጀራው በቀኑ አይደርስም። ውጭ የሚቀመጠው ኮምፕረሰርና ታንከሩ የተለያዩበት ዓይነት ይህን ያስቀራል፤ ሆኖም ከዝናብ የሚጠለልበት ክዳን ያሻዋል፣ ድምፁም ከመኝታ ቤት መስኮት እንዲርቅ መደረግ አለበት። በጅማ እርጥበት አየሩ ሲቀዘቅዝ ከመሣሪያው ውሃ ስለሚንጠባጠብ፣ የሚፈስበት ቀጭን ቱቦ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

የውሃው ግፊትም ይታይ። ሮቶ ከሻወሩ በ3 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው፤ አምራቹ የሚጠይቀው ከዚህ ከበለጠ የግፊት ፓምፕ ወጪንም በዋጋው ላይ ይደምሩ። ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ትርፍ ግፊቱን የሚያስወጣ ሴፍቲ ቫልቭ የግድ ነው፤ ቫልቩ የሌለበትን ታንከር በርካሽ ቢያገኙትም አይግዙት። ታንከሩ ኢናሜል የተቀባ ከሆነ በውስጡ ከብረቱ በፊት እንዲበላ የተደረገ የማግኒዚየም ዘንግ ይኖረዋል፤ ይህ ዘንግ በየጊዜው መታየትና ሲያልቅ መቀየር ስላለበት፣ መለወጫው የሚገኝ መሆኑን ሻጩን ይጠይቁት።

ኮምፕረሰር የቮልቴጅ መዋዠቅን አይወድም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደቂቃዎችን ጠብቆ የሚያስነሣ መከላከያ ይግጠሙለት፤ ኧርዝ መስመሩም ይፈተሽ። ሂት ፓምፑ ራሱ ብዙ አይስብም፤ ተጨማሪው ሬዚስታንስ ግን ከእንጀራ ምጣድ ጋር በአንድ ጊዜ ሲሠራ ብሬከሩን ሊጥል ይችላል። አየሩ በሚሞቅበት ቀትር ላይ እንዲሠራ ሰዓቱን ሲሞሉ፣ መሣሪያው የሚቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ያስታውሱ፤ 11:00 ማለት ለእኛ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው። ውሃው ለብ ብሎ ለቀናት ከቆየ ሌጅዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ሊራባበት ስለሚችል፣ በየሳምንቱ 60 ዲግሪ የሚያደርስ ፕሮግራም ያለውን ይምረጡ።

ከሁሉ በላይ የሚጠግነውን ሰው ከመሣሪያው አስቀድመው ያግኙ። ቤትዎን የሚያውቀው የፍሪጅ ባለሙያ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የጋዝ ዓይነት ይመልከተው፤ አር-134ኤ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሠራበት ነው፣ አር-290 ከሆነ ግን ፕሮፔን ስለሆነና እሳት ስለሚይዝ ሥልጠናና ጥንቃቄ ይጠይቃል። ባለሙያው «ይህን አልነካውም» ካለዎት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ይተዉት።

በተገጠመበት ቀን የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት የቤቱን ሌላ መብራት ሁሉ ያጥፉና የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ። 150 ሊትሩ ከ20 ወደ 55 ዲግሪ ሲደርስ ደግመው ያንብቡት። ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት ከጨመረ መሣሪያው በትክክል እየሠራ ነው፤ ወደ 6 ከተጠጋ ግን ያሞቀው ሬዚስታንሱ ስለሆነ፣ ገጣሚው ሳይሄድ አስተካክሎት እንዲፈተሽ ያድርጉ።