«ትዌልቭ አንግሪ ሜን»ን ስንተች ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲድኒ ሉሜት እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረበው ይህ የአሜሪካ ፊልም፣ በግድያ የተከሰሰ ልጅ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ለመወሰን በአንድ ክፍል ተዘግተው ስለሚከራከሩ፣ በቁጥር ብቻ ስለሚጠሩ አሥራ ሁለት ሰዎች ይተርካል። ስለ እሱ የሚጻፉ የጀማሪ ሂሶችን ባረምሁ ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር አላጣም፦ «ስምንተኛው ሰው የልጁን ንጹሕነት አረጋገጠ»። አላረጋገጠም! ሄንሪ ፎንዳ የሚጫወተው ይህ ሰው፣ አሥራ አንዱ «ጥፋተኛ» ሲሉ ብቻውን ተቃውሞ ሳለ፣ ልጁ ንጹሕ ይመስልህ እንደሆነ ተብሎ ቢጠየቅ የሰጠው መልስ «አላውቅም» የሚል ነበር። አባቱን በጩቤ ገድሏል የተባለው ወጣት በእርግጥ ገድሎ እንደሆነ ፊልሙ እስከ ፍጻሜው አይነግረንም። በ15 ሰከንድ በሩ ጋ ደርሼ ልጁ ሲሸሽ አየሁ ያለው አንካሳ ሽማግሌ እርምጃው ሲለካ ከ40 ሰከንድ በላይ መፍጀቱ፣ ግድያውን በመስኮት አየሁ ባለችው ሴት አፍንጫ ላይም የመነጽር ምልክት መታየቱ (ያን ጊዜ ከአልጋዋ ያለ መነጽር አይታ ይሆናልና) ክሱን ያናጋሉ እንጂ ሌላ ገዳይ አይጠቁሙም። ደራሲው ሬጅናልድ ሮዝ የሚጠይቀን፣ ቅጣቱ ሞት በሆነበት ክስ ለመፍረድ ምን ያህል እርግጠኛ መሆን እንደሚገባ ነው፤ ንጹሕነቱን የሚያውጅ ሐያሲ ይህን ጥያቄ ከነጭራሹ ይሰርዘዋል።

አሥራ ሁለቱን «ዳኞች» ማለትም ይቅር። በአገራችን ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚመረምረው ዳኛ በመሆኑ ቃሉ ቢያሳስት አይገርምም፤ እነዚህ ግን በእንግሊዝኛ «ጁሪ» የሚባሉ፣ ስለ ጥፋተኝነቱ ብቻ እንዲወስኑ ከየሥራቸው ተጠርተው የመጡ ተራ ዜጎች ናቸው።

ስምንተኛውን ሰው እንከን የለሽ ጻድቅ ማድረግም አይገባም፤ በግሉ ወጥቶ ለግድያው ከዋለው ጋር ተመሳሳይ የሆነ ጩቤ ገዝቶ ማምጣቱ ለእንዲህ ዓይነት ፈራጅ የተከለከለ ምርመራ ነው።

«በካሜራ የተቀዳ ቴአትር» የሚለውን ስህተት ግን በሌላ ሰው ላይ ብቻ ልጭነው አልችልም፤ በጀማሪነቴ እኔም ጽፌዋለሁ፣ ዛሬም ያሳፍረኛል። ታሪኩ ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ክፍል ውስጥ ስለሚያልፍ ካሜራው ሥራ የፈታ መስሎኝ ነበር። ሉሜትና የካሜራ ባለሙያው ቦሪስ ካውፍማን ግን የመጀመሪያውን ሲሶ ከዓይን ከፍታ በላይ ሆነው በሰፊ ሌንስ (ብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ በሚያሳይ)፣ ቀጣዩን በዓይን ትክክል፣ የመጨረሻውን ከታች ወደ ላይ ቀርጸውታል፤ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት እየጨመረ (የሚያሳየውም ቦታ እየጠበበ) ሲሄድ ግድግዳው ወደ ሰዎቹ የተጠጋ ይመስላል፣ ጣሪያውም ከራሳቸው በላይ ብቅ ይላል። ሙቀቱና ጭቅጭቁ ያፈኑን የሚመስለን በከፊል በዚህ ዘዴ ነው፤ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሌንሱ እንደገና ሲሰፋ እኛም አብረን እንተነፍሳለን።

ለሰዎቹም ስም አይፍጠሩላቸው። ዴቪስና ማካርድል (ስምንተኛውና ዘጠነኛው) ብቻ፣ እነሱም በዚያው ደጃፍ ሲለያዩ፣ ስማቸውን ይነጋገራሉ፤ የቀሩትን አሥሩን በቁጥራቸው ይጥሯቸው።