ድሬ ላይ ሺትዙ ለምታሳድጉ (ወይ ልታመጡ ላሰባችሁ)

እዚ ሰፈር ፀጉራም ትንሽ ውሻ ሁሉ ፑድል ነው ሚባለው፣ የኔዋ ቡቺ ግን ሺትዙ ናት። ሰው በየቀኑ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

አቦ መጀመሪያ ይሄን እንግባባ፣ ሺትዙ በር ላይ አስራችሁ ሌባ ምታባርርላችሁ ውሻ አይደለችም። ውሃ ቆጣሪ ሚያነበው ልጅ ሲመጣ ቡቺ ጭራዋን እየቆላች እስከ ቆጣሪው ድረስ አጅባው ነው የሄደችው። ዘሯ ከቲቤት ነው፣ ቻይና ቤተመንግስት ውስጥ ሰው ጭን ላይ ስትቀማጠል የኖረች ናት፣ ስሟ ራሱ በቻይንኛ አንበሳ ማለት ነው፣ አንበሳነቷን እኔ እስካሁን አላየሁም። ስራዋ ሰው ጋር መሆን ነው፣ ወጥ ቤት ስትገቡ ትከተላለች፣ ሽንት ቤት ስትገቡ በር ላይ ትጠብቃለች፣ ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ምትገቡ ከሆነና ቤት ሰው ከሌለ ይቅርባችሁ።

እልኸኛም ናት። ሽንት ውጪ ማስለመድ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ከእንቅልፍ ስትነሳና እንደበላች ወዲያው ማውጣት፣ ውጪ ስታደርግ ማሞገስና ትንሽ ስጋ ነገር መስጠት ነው ሚሰራው፣ ከመታችኋት ግን ሶፋ ስር ተደብቃ ማድረግ ነው ምትለምደው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ሙቀት። ውሻ እንደኛ በላብ አይቀዘቅዝም፣ በማለክለክ ነው፣ ሺትዙ ደሞ አፍንጫዋ ጠፍጣፋ ስለሆነ ማለክለኩ ራሱ በደንብ አይሳካላትም። እኔ ይሄን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው፣ ግንቦት ላይ በቀትር 7 ሰዓት ከሳቢያን ወደ ከዚራ በባጃጅ ይዣት ወጣሁ፣ መንገድ ተዘጋግቶ ባጃጁ ቆሟል፣ ሳያት ምላሷ ጠቁሯል ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ሳወርዳት እግሯ አልቆም አለ። አንዷ ባለሱቅ ሮጣ ሁለት ሃይላንድ ውሃ አመጣችና ጥላ ስር አርገን አፈሰስንባት። እንዲ ከገጠማችሁ መጀመሪያ አቀዝቅዙ ከዛ ሐኪም ጋር ሩጡ፣ የቧንቧ ውሃ ሆዷ ላይ ብብቷ ላይ እግሯ ላይ እያፈሰሳችሁ በካርቶንም ቢሆን አራግቡላት፣ በረዶ አያስፈልግም፣ እርጥብ ፎጣ ጠቅልላችሁ አትተዉባት ሙቀቱን ያፍናል፣ ራሷ ካልጠጣች ደሞ በግድ አታጠጡ።

ስለዚ መውጫዋ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ወይ ከመሸ በኋላ ነው። አስፋልቱ ላይ የእጃችሁን ጀርባ አስቀምጡ፣ 7 ሰከንድ መቋቋም ካልቻላችሁ ለሷም እግር አይሆንም። በአንገት ማሰሪያ ሳይሆን በደረት ሚታሰረውን ተጠቀሙ፣ አንገቷ ሲታነቅ ትንፋሽ ያጥራታል። መብራት ሲጠፋና ቬንትሌተር ሲቆም ሴራሚኩን ውሃ ወልወል አርጉላት፣ ተዘርግታ ትተኛበታለች።

ፀጉሯ ሚያድግ እንጂ ብዙ ሚረግፍ አይደለም፣ በየቀኑ ካላበጠራችሁት ይቋጠራል። አሳጥሩት ግን እስከ ቆዳ አትላጩት፣ እኔ አንዴ ወንዶች ፀጉር ቤት ወስጄ ዜሮ አስደረኳት፣ ጀርባዋን ፀሐይ አቃጠላት፣ ሳምንቱን ሙሉ ሳቀርባት ትሸሸኝ ነበር። አይኗ ወጣ ያለ ስለሆነ የድሬ አቧራ ይጎዳዋል፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ጥጥ ነክራችሁ ጠዋት ጠዋት ጥረጉት፣ አንድ አይኗን ጨፈን ካረገች ነገ አትበሉ፣ የዛኑ ቀን ሐኪም ይያት።

ምግብ ላይ ወጥ የነካው እንጀራ አትስጡ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻ ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፣ የኛ ወጥ ደሞ ያለ ሽንኩርት ምን አለው። ቸኮሌትና ዘቢብም መርዝ ናቸው። የተቀቀለ ስጋ ከሩዝ ጋር ያለ ቅመም፣ በቀን ሁለቴ፣ አጥንት የለም። በርጫ ላይ ምትቀመጡ ደሞ ገረባውን (የጫቱን ትርፍራፊ) ከወለል አንሱ፣ ጫት ውስጥ ካቲኖን አለ፣ እናንተን ያነቃቃ ነገር 6 ኪሎ ውሻ ላይ ቀልድ አይደለም።

ግቢያችን የጋራ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ውዱእ አርገው የውሻ ምራቅ እንዲነካቸው አይፈልጉም፣ እሷ ግን ሰው ሁሉ ሚወዳት ነው ሚመስላት፣ ስለዚ አዛን ሲል በር ዘግቼ ቤት አስቀምጣታለሁ። አንዷ ጎረቤታችን መጀመሪያ ላይ ሊያይዋት አይፈልጉም ነበር፣ አሁን በመስኮት "አንቺ ፀጉራም በላሽ?" ይሏታል።

የእብድ ውሻ ክትባት ከ3 ወሯ ጀምሮ በየዓመቱ፣ ቤት ውስጥ ነው ምትውለው ብላችሁ አትዝለሉት። መዥገር ጆሮዋ ውስጥና ጣቶቿ መሀል በየቀኑ ፈትሹ።

ሐረር ዘመድ ጋር ከሄዳችሁ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ለሷ ገነት ነው፣ ማታ ግን ጅቡ በጀጎል ግንብ ቀዳዳ ሚገባበት ከተማ ነው፣ ለአንድ ጉርሻም አትበቃም። እኔ እዛ ሳድር ከመሸ በኋላ ጓሮ ራሱ አላወጣትም፣ ጋዜጣ አነጥፍላታለሁ፣ እየተነጫነጨች እዛው ትጨርሳለች።