የአምፕሊፋየር የኃይል ጌይን እንዴት ይለካል?

ደብረ ብርሃን ውስጥ የድምፅ መሣሪያ ወደሚሸጥበት ሱቅ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው ዋት ላይ ነው። ለሠርግ ድንኳን ወይም ለዕድር ስብሰባ የሚሆን ዕቃ የሚፈልግ ሰው ግን በዋት ብቻ የገዛውን ዕቃ አያውቀውም። አምፕሊፋየሩ (ማጉያው) ምን ያህል ደካማ ሲግናል (ድምፁን የያዘ የኤሌክትሪክ ሞገድ) ተቀብሎ ያን ኃይል እንደሚያወጣ የሚናገረው ሌላ ቁጥር ነው፤ እሱም የኃይል ጌይን ይባላል። ይህን ቁጥር በገዛ እጅ ለክቶ ማግኘት ይቻላል፤ ማባዛትና ማካፈል ለሚችል ሰው ስሌቱ አያስቸግርም።

የኃይል ጌይን ማለት ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው ኃይል ወደ ውስጥ ለገባው ኃይል ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። 1 ዋት ገብቶ 100 ዋት ቢወጣ ጌይኑ 100 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አምፕሊፋየር ኃይል አይፈጥርም። ሸዋ ሮቢት አካባቢ በመስኖ የሚያለማ ገበሬ የቦዩን መክፈቻ በእጁ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ማሳውን የሚያጠጣው ውኃ ግን ከወንዙ እንጂ ከእጁ ጉልበት አይመጣም። አምፕሊፋየሩ ውስጥ የማጉላቱን ሥራ የሚሠራው ትራንዚስተርም እንዲሁ ነው፤ ደካማው ሲግናል መክፈቻውን ያንቀሳቅሳል፣ ኃይሉ የሚመጣው ከባትሪው ወይም ከፓወር ሰፕላዩ ነው። ስለዚህ ስለ ጌይን ስናወራ መለካት ያለብን ሦስት ኃይሎችን ነው፦ ከሲግናል የገባውን፣ ወደ ስፒከር የወጣውንና ከባትሪ የተወሰደውን።

ቮልቴጅ ከፍ ስላለ ብቻ ኃይል ጨመረ ማለት እንዳልሆነ የሚያሳየው ትራንስፎርመር ነው። 220 ቮልቱን ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ለአንድ አምፖል 2 አምፒር ቢሰጥ የወጣው 24 ዋት ነው። ከግድግዳው ሶኬት የሚወስደው ደግሞ 26 ዋት ገደማ ይሆናል። ከረንቱ (በአምፒር የሚለካው የኤሌክትሪክ ፍሰት) በብዙ እጥፍ ጨምሯል፤ ኃይሉ ግን ቀንሷል። ትራንስፎርመሩ ተገልብጦ ቮልቴጅ እንዲያሳድግ ቢደረግም የኃይል ጌይኑ ከ1 በላይ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 የፊዚክስ ሊቃውንቱ ባርዲን እና ብራቴይን በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ የሠሩት የመጀመሪያው ትራንዚስተር ትልቅ ነገር የሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። ያቺ ትንሽ የጀርማኒየም ቁራጭ የሲግናልን ኃይል ራሱን አሳደገች።

ለልኬቱ የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመጀመሪያ ሙከራ በ220 ቮልት የሚሠራ ትልቅ አምፕሊፋየር አይክፈቱ። ኤልኤም 386 በምትባለው ስምንት እግር ባላት ትንሽ አይሲ (ብዙ ትራንዚስተሮችን በአንድ የያዘች ቺፕ) የተሠራች፣ በ9 ቮልት የምትሠራ አምፕሊፋየር ትበቃለች። ስድስት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋዮች በተከታታይ ተያይዘው 9 ቮልት ይሰጣሉ። በተጨማሪ 8 ኦም 5 ዋት ሬዚስተር (ከረንትን የሚገታ፣ መጠኑ በኦም የሚለካ ዕቃ)፣ 47 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ማልቲሜትር (ቮልቴጅና ከረንት መለኪያ)፣ እንዲሁም የ400 ኸርዝ (በሴኮንድ 400 ጊዜ የሚርገበገብ) ድምፅ የሚያወጣ አፕሊኬሽን የተጫነበት ስልክ ያዘጋጁ።

ማልቲሜትሩን ከመግዛትዎ በፊት የመምረጫ መዘውሩን በደንብ ይዩት። በየገበያው በርካሽ የምትገኘው ቢጫዋ ዲቲ 830 ለኤሲ (አቅጣጫው ለሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ) ያላት የ200 እና የ750 ቮልት ክልል ብቻ ነው። ለቤት መስመር ታገለግላለች እንጂ የሚሊቮልት ሲግናል ልታሳይ አትችልም። ለዚህ ሥራ ኤሲ ሚሊቮልት የሚያነብ ያስፈልጋል። 400 ኸርዝን የመረጥነውም ብዙዎቹ መለስተኛ ማልቲሜትሮች ከዚያ በላይ ባለ ድግግሞሽ ኤሲን በትክክል ስለማያነቡ ነው።

በስፒከሩ ቦታ 8 ኦሙን ሬዚስተር ያገናኙ። የስፒከር ኦም እንደ ድምፁ ድግግሞሽ ይለዋወጣል፤ ሬዚስተሩ ግን አንድ ቦታ ይቆማል፣ ጎረቤትም አይረብሽም።

የገባው ኃይል

ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ ረጋ ብለው ይሥሩት። የሚገባው ከረንት በጣም ጥቂት ስለሆነ ማልቲሜትሩ በቀጥታ አይለካውም። ስለዚህ 47 ኪሎ ኦሙን ሬዚስተር በስልኩና በአምፕሊፋየሩ መግቢያ መካከል ያስገቡ። ከዚያ ቮልቴጁን ሁለት ቦታ ይለኩ፤ አንዴ ከሬዚስተሩ በስልኩ በኩል፣ አንዴ በአምፕሊፋየሩ በኩል። ሁለቱም ጊዜ የማልቲሜትሩ ጥቁር ሽቦ የሰርኪዩቱ ግራውንድ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የተያያዘው መስመር) ላይ ይሁን።

በስልኩ በኩል 97 ሚሊቮልት፣ በአምፕሊፋየሩ በኩል 50 ሚሊቮልት አነበቡ እንበል። ልዩነቱ 47 ሚሊቮልት ነው። ይህ ለ47 ኪሎ ኦም ሲካፈል የሚገባው ከረንት 1 ማይክሮ አምፒር ይሆናል። ከረንቱ በ50 ሚሊቮልት ሲባዛ የገባው ኃይል 0.05 ማይክሮ ዋት፣ ማለትም የአንድ ሚሊዮንኛ ዋት አንድ ሃያኛ ነው። የአምፕሊፋየሩ የመግቢያ ሬዚስታንስም በዚያው ታወቀ፤ 50 ሚሊቮልት ለ1 ማይክሮ አምፒር ሲካፈል 50 ኪሎ ኦም።

ቁጥሩን ከማመንዎ በፊት የስልኩን ድምፅ ያጥፉ። ንባቡ ወደ ዜሮ ካልወረደ ሲለኩት የነበረው ሲግናሉን ብቻ ሳይሆን ከቤቱ የመብራት መስመር የሚመጣውን የ50 ኸርዝ ረብሻ ጭምር ነው። ሽቦዎቹን ያሳጥሩ፣ ስልኩን ከቻርጀር ይንቀሉ፣ ከዚያ እንደገና ይለኩ።

የወጣው ኃይል

ይህኛው ቀላል ነው። በ8 ኦሙ ሬዚስተር ላይ ያለውን የኤሲ ቮልቴጅ ይለኩ። የኤልኤም 386 አንደኛና ስምንተኛ እግሮች ባዶ ከተተዉ የቮልቴጅ ጌይኑ 20 ስለሆነ 1 ቮልት አካባቢ ያገኛሉ። ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ለኦሙ ሲካፈል፣ 1 ለ8፣ የወጣው ኃይል 0.125 ዋት ነው።

አሁን ያካፍሉ። 0.125 ዋት ለ0.05 ማይክሮ ዋት ሲካፈል 2,500,000 ይሆናል። ቮልቴጁ ያደገው 20 እጥፍ ብቻ ሲሆን ኃይሉ ሁለት ሚሊዮን ተኩል እጥፍ አደገ! ምክንያቱ ቮልቴጁ ብቻ ሳይሆን ከረንቱም ማደጉ ነው። በ50 ኪሎ ኦም የገባው ሲግናል በ8 ኦም ላይ ወጥቷል። ሁለቱን ጌይኖች አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው የአምፕሊፋየሩን ትልቁን ሥራ ሳያየው ያልፋል።

አንድ ማረጋገጫ አይዝለሉ። የመግቢያውን ሲግናል በግማሽ ይቀንሱ፤ የመውጫው ቮልቴጅም በግማሽ መውረድ አለበት። ካልወረደ አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ተገፍቶ የሞገዱን ጫፍ እየቆረጠ ነበር፤ የተገኘው ጌይንም ትክክል አይደለም። በአንደኛና በስምንተኛው እግር መካከል የ10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ሲገባ የቮልቴጅ ጌይኑ ወደ 200 ያድጋል። ያን ጊዜ 50 ሚሊቮልት ማስገባት 10 ቮልት እንዲወጣ መጠየቅ ነው፤ ከ9 ቮልት ባትሪ ደግሞ ይህ አይገኝም። መግቢያውን ወደ 5 ሚሊቮልት ያውርዱ።

ከባትሪው የተወሰደው ኃይል

ማልቲሜትሩን ወደ ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ) 200 ሚሊ አምፒር አዙረው ከባትሪው ፖዘቲቭ ሽቦ ጋር በተከታታይ ያገናኙ። 60 ሚሊ አምፒር አካባቢ ቢያነብ፣ በ9 ቮልት ሲባዛ 0.54 ዋት ነው። ወደ ሬዚስተሩ የደረሰው 0.125 ዋት፣ ማለትም 23 በመቶ ያህሉ ነው። የቀረው አይሲዋ ላይ ሙቀት ሆኗል፤ በጣት ነክተው ያረጋግጡ።

ወደ ዴሲቤል መቀየር

2,500,000 ብሎ መጻፍ አድካሚ ስለሆነ ባለሙያዎች ዴሲቤል ይጠቀማሉ። የኃይል ጌይኑ ሎጋሪዝም (ካልኩሌተር ላይ log የሚለው) በ10 ይባዛል፤ እዚህ 64 ዴሲቤል ይመጣል። ካልኩሌተር ከሌለ ሁለት ነገር መያዝ ይበቃል፦ ኃይል እጥፍ ሲሆን 3 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፣ አሥር እጥፍ ሲሆን 10 ዴሲቤል። ቮልቴጅ ብቻ ሲሆን ሎጋሪዝሙ የሚባዛው በ20 ነው፤ 20 እጥፉ 26 ዴሲቤል ይሆናል። ሁለቱ ቁጥሮች የሚገጥሙት የመግቢያውና የመውጫው ሬዚስታንስ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ማንዋል ላይ «ጌይን 26 ዴሲቤል» የሚል ካዩ የቮልቴጅ ነው ወይስ የኃይል ብለው ይጠይቁ።

የዴሲቤል ጥቅሙ መደመሩ ላይ ነው። ቅድመ ማጉያው 20፣ ዋናው አምፕሊፋየር 30 ከሆነ ድምሩ 50 ነው። ብክነትም ይቀነሳል። ከአምፕሊፋየሩ እስከ ድንኳኑ ስፒከር 50 ሜትር ርቀት ቢኖርና 1 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ቢዘረጋ፣ ደርሶ መልሱ 100 ሜትር ሽቦ 1.7 ኦም ያህል አለው። በ8 ኦም ስፒከር ከአምፕሊፋየሩ የወጣው ኃይል 18 በመቶው በገመዱ ላይ ይቀራል፤ ይህም 0.9 ዴሲቤል መቀነስ ነው። ወፍራም ገመድ ዋጋው የሚወጣለት እዚህ ላይ ነው።

ለገዢም ይህ ስሌት ገንዘብ ያድናል። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት መሄድ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ይለየዋል፣ ግን ትንሽ ጭማሪ አድርጎ ነው። ድምፁ እጥፍ የጎላ መስሎ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል።

ጌይን የማይፈታው ነገርም አለ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መኪና ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ሲገባ የራዲዮው ድምፅ ይደክማል። ሾፌሩ ድምፁን ቢጨምር የሚጎላው ሽሽ የሚለው ረብሻ ነው፤ አምፕሊፋየር ሲግናሉንና ረብሻውን ለይቶ አያውቅም፣ ሁለቱንም እኩል ያባዛል። ከገደል ሥር ባለ ቤት የቴሌቪዥን አንቴና ማጉያ የሚያስገጥም ሰው ማጉያውን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ሳይሆን ምሰሶው ላይ፣ ከአንቴናው ሥር ያስገጥም። እዚያ ሲግናሉ ገና በገመዱ አልደከመም። ገመዱ ካደከመው በኋላ ቢጎላ ከራሱ ከማጉያው የሚመጣው ረብሻ አብሮት ይጎላል፤ ያን ለመለየት የሚረዳ ጌይን የለም።