ዌብ ዴቨሎፕመንት ከምን ይጀመር? ዳታ የማይበላው ይቅደም

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ዌብ ዴቨሎፕመንት ልማር ብሎ የሚነሣ ሰው ቶሎ የሚሰማው ስም ሪአክት (በጃቫስክሪፕት የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ የገጽ መሥሪያ) ነው። የሥራ ማስታወቂያ ላይ ስለሚበዛ እንጂ ለጀማሪ ስለሚቀድም አይደለም። ሪአክትን ለመጀመር ኖድን (ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ የሚያስኬድ ፕሮግራም) መጫንና ብዙ ፓኬጅ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ማውረድ አለ፤ ስህተት ሲመጣ ደግሞ ጥፋቱ የጃቫስክሪፕቱ ይሁን የፓኬጁ ጀማሪ አይለየውም። ቅደም ተከተሉን በዚህ ለኩት፦ ፋይሉን ሁለቴ ተጭናችሁ ያለ ኢንተርኔት ብሮውዘር ላይ የሚከፈተው ይቅደም። ኮድ የሚጻፍበትን ፕሮግራም፣ ቪኤስ ኮድን፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አንዴ ማውረድ ይበቃል።

የገጹ ይዘት በሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ አትቆዩ። ርዕስ፣ አንቀጽ፣ ሊንክ፣ ምስል፣ ሠንጠረዥና ፎርም በቂ ነው። ብሮውዘሩ ፊደሉን እንዴት እንደሚያነብ የሚነግረውን የዩቲኤፍ-8 መስመር ሄዱ (ገጹ ላይ የማይታየው የፋይሉ መግቢያ ክፍል) ውስጥ ከሁሉም በላይ አድርጉት፤ ከቀረ አማርኛው የማይነበብ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ጊዜ የሚበላው የገጹን መልክ የሚወስነው ሲኤስኤስ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘልለውም እሱኑ ነው። በቦክስ ሞዴል፣ ማለትም ገጹ ላይ ያለው ነገር ሁሉ እንደ ሣጥን በሚለካበት ደንብ፣ ጀምሩ። ስፋቱ መቶ ፐርሰንት የሆነ ሣጥን ላይ ፓዲንግ (የሣጥኑ የውስጥ ክፍተት) ስትጨምሩ ገጹ ወደ ጎን የሚንሸራተተው ፓዲንጉ በስፋቱ ላይ ስለሚደመር ነው፤ ቦክስ ሳይዚንግ የሚባለውን የሲኤስኤስ ቅንብር ቦርደር ቦክስ ስታደርጉት ይስተካከላል። ቀጥሎ ሣጥኖችን በአንድ መስመር የሚደረድረው ፍሌክስቦክስ፣ ከዚያ በረድፍና በዓምድ የሚደረድረው ግሪድ። ሄዱ ውስጥ የሚገባው፣ ገጹን በስልኩ ስፋት ልክ የሚያደርገው የቪውፖርት መስመር ከተረሳ ስልክ ገጹን 980 ፒክስል ገደማ ስፋት እንዳለው ቆጥሮ ያሳንሰዋል፣ ጽሑፉም አይነበብም። ደንበኛችሁ የሚያየው ደግሞ በስልክ ነው።

ለልምምድ የኮምቦልቻ ጅምላ አከፋፋይ ገጽ ሥሩ፦ የዕቃ ዝርዝር፣ ዋጋ፣ የትዕዛዝ ፎርም። እስከ ደሴ የማጓጓዣ ሒሳብ ለመጨመር ስትሞክሩ ጃቫስክሪፕት የግድ ይሆናል። ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም)፣ ፈንክሽን (በስም የሚጠራ የኮድ ክፍል)፣ አሬይ (ዝርዝር)፣ ኦብጀክት (የስምና የዋጋ ጥንዶች)፣ ከዚያ ዶም (ጃቫስክሪፕት ገጹን የሚቀይርበት መንገድ) ተማሩ። 1200 ላይ 80 ደምራችሁ 120080 ካገኛችሁ አትደንግጡ፤ ከፎርም የሚመጣው ሁሉ ጽሑፍ ስለሆነ ቁጥሮቹ እንደ ቃል ተያይዘው ነው፤ መጀመሪያ ወደ ቁጥር ለውጡት። ኤፍ12 ተጭኖ ኮንሶሉን (ብሮውዘሩ ስህተቱን የሚጽፍበት ቦታ) ማንበብ ከዚህ ቀን ጀምሮ ልማድ ይሁን። ዋጋዎቹን ከሌላ ፋይል በፌች (ፋይል በሚያመጣው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ) ለማንበብ ስትሞክሩ ብሮውዘሩ ይከለክላል፤ ሁለቴ ተጭኖ መክፈት የሚያበቃው እዚህ ነው፣ ገጹን ኮምፒውተራችሁ ላይ እንደ ዌብሳይት የሚከፍተውን፣ ላይቭ ሰርቨር የሚባለውን የቪኤስ ኮድ ተጨማሪ ጫኑ።

ጊት (የኮድ ለውጥን የሚመዘግበው ፕሮግራም) ላይ ቀድማችሁ አትጨነቁ፤ ገጹን ኢንተርኔት ላይ በነፃ በሚያስቀምጠው ጊትሃብ ፔጅስ ላይ ስታወጡ ትማሩታላችሁ። ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚታይ ምስል እዚያ ከጠፋ የፋይሉን ስም እዩ፦ ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል አይለይም፣ የሊኑክስ ሰርቨር ግን ይለያል።

የትዕዛዙ ቁጥር ገጹ ላይ ሦስት ቦታ መቀየር ኖሮበት አንዱን መርሳት ሲያስቸግራችሁ፣ ያኔ ሪአክትን ክፈቱ፤ ይህን የሚያቀለው እሱ ነው። ትዕዛዙ ተቀምጦ እንዲቆይ ከሆነ የፈለጋችሁት ግን ሪአክት አይረዳም፤ ሰርቨር ላይ የሚሠራው ፒኤችፒና መረጃ የሚያስቀምጠው ማይኤስኪውኤል ይቅደሙ።