ቨርቹዋል ፒያኖ እንዴት ይመረጣል፦ ሳምፕል ወይስ ሞዴሊንግ?

የፒያኖ ፕለጊን (በኮምፒውተር የሙዚቃ ሶፍትዌር ውስጥ የሚከፈት ፒያኖ) የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ማሳያ ቪዲዮ ከፍቶ ያዳምጥና እዚያው ይወስናል። እኔ ይህን አልመክርም። ማሳያው ላይ የምትሰሙት የሌላ ሰው እጅ፣ የሌላ ሰው ኪቦርድና ለፕለጊኑ እንዲመች ተመርጦ የተጫወተ ሙዚቃ ነው። ያው ፒያኖ እናንተ ቤት ሲገባ ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሳምፕልና ሞዴሊንግ የሚባሉትን ሁለቱን ዓይነት በራሳችሁ ጣትና ፔዳል ካወዳደራችሁ ግን ምርጫው ራሱ ይቀላል።

በመጀመሪያ ልዩነታቸውን እንይ። የሳምፕል ፒያኖ ከእውነተኛ ፒያኖ የተቀዳ ነው። ቁልፎቹ ከቀስታ እስከ ኃይለኛ እየተመቱ ይቀረጻሉ። እናንተ ቁልፍ ስትጫኑ ፕለጊኑ ለጉልበታችሁ የሚቀርበውን ቅጂ መርጦ ያጫውታል። የስፔክትራሶኒክስ ኪስኬፕ፣ የጋሪታን ሲኤፍኤክስና የሲንቶጂ አይቮሪ በዚህ ወገን ናቸው። በነጻ የሚገኘው ሳላማንደር ግራንድ ፒያኖም እንዲሁ።

በሞዴሊንግ የተሠራው ፒያኖ ኖታውን ከቅጂ አያመጣም። መዶሻው አውታሩን ሲመታ፣ አውታሩ ሲርገበገብ፣ ንዝረቱ ድምፁን ወደሚያጎላው የእንጨት ሰሌዳ (ሳውንድቦርድ) ሲያልፍ የሚሆነውን በሂሳብ እዚያው በዚያው ያሰላል። ታዋቂው ፒያኖቴክ ነው። የፈረንሳዩ ሞዳርት እ.ኤ.አ. በ2006 አወጣው። ሮላንድም በ2009 በዚሁ መንገድ የሚሠራውን ቪ-ፒያኖ አቅርቧል።

አስተያየቴን ከወዲሁ ልናገር። አንድ ኖታ ብቻ ነክታችሁ ስትሰሙ ጥሩ ሳምፕል ያሸንፋል። ብዙ ኖታ፣ ፔዳልና ድግግሞሽ ሲደራረብ ግን ሞዴሊንግ ይበልጣል። ከታች ያሉት ሙከራዎች ይህንን በጆሯችሁ እንድታረጋግጡ ነው።

1. ኮምፒውተራችሁ የሚችለውን እወቁ

አንድ አጭር ስሌት እንሥራ። 88 ቁልፍ በ16 የጉልበት ደረጃ ሲቀረጽ 1,408 ቅጂ ይሆናል። ፔዳል ተረግጦና ሳይረገጥ ሁለት ጊዜ ከተቀረጸ 2,816 ደረሰ። እያንዳንዱ 15 ሰከንድ ቢረዝም፣ በስቴሪዮ በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርትዝ ሲቀመጥ 12 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ይህ እንግዲህ ለአንድ የማይክ አቀማመጥ ብቻ ነው። የጋሪታን ሲኤፍኤክስ ሙሉው ቨርዥን ከ100 ጊጋባይት የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ሁሉም ቁልፍ የማይቀረጽባቸው አሉ። ሳላማንደር ለምሳሌ በየሦስተኛው ቁልፍ ተቀርጾ በመካከል ያሉት ከጎረቤታቸው ቅጂ ድምፃቸው ከፍና ዝቅ እየተደረገ ይሞላሉ።

ሳምፕል ፒያኖ የእያንዳንዱን ቅጂ መጀመሪያ ራም ላይ ያስቀምጥና ቀሪውን ከዲስክ እየሳበ ያጫውታል። ስለዚህ ኤስኤስዲ ላይ ጫኑት። በድሮው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ሞዴሊንግ በአንጻሩ ዲስክ ላይ ብዙ ቦታ አይፈልግም፤ የሚበላው ፕሮሰሰር ነው። ፔዳል ተረግጦ ብዙ ኖታ አብሮ ሲጮህ ድምፁ ከተንጣጣ የፖሊፎኒውን ቁጥር (አብረው መጮህ የሚችሉትን ኖታዎች ብዛት) ቀንሱ።

ባፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) ስትጫወቱ 128 ላይ አድርጉት። በ44.1 ኪሎኸርትዝ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ 512 ላይ ወደ 12 ሚሊሰከንድ ይደርሳል። 12 ላይ ጣት መዘግየቱን ይሰማዋል፣ አጨዋወታችሁም ሳይታወቃችሁ ይከብዳል። ሚክስ ስታደርጉ (የተቀዱትን ትራኮች ስታመጣጥኑ) እንደ ልባችሁ ከፍ አድርጉት።

2. የመሞከሪያ ሚዲ ቅዱ

ሁለቱም ፒያኖዎች አንድ ዓይነት ነገር መጫወት አለባቸው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተጫወቱና ሚዲውን (ድምፁን ሳይሆን የትኛው ቁልፍ መቼና በምን ጉልበት እንደተመታ የሚይዘውን መዝገብ) ለሁለቱም ስጡ። ውስጡ እነዚህ ይኑሩ፦ በፔዳል የተያያዙ ቀርፋፋ ኮርዶች፣ አንድ ኖታ በፍጥነት ሲደጋገም፣ ከጣት ጫፍ እስከ ሙሉ ክንድ እየጠነከረ የሚሄድ ስኬል፣ እስኪጠፋ የተያዘ የባስ ኖታ፣ በመጨረሻም አሁን ከምትሠሩት ሙዚቃ የተወሰደ ክፍል። በማውስ አትሳሉት፤ ኳንታይዝም አታድርጉት (ምቶቹን ሶፍትዌሩ ከሪትሙ ጋር እንዲያሰልፋቸው አትተዉት)።

3. ቬሎሲቲውን አስተካክሉ

ሰው የሚዘለው ይህን ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህንኑ ነው። "ሞዴሊንግ ፒያኖ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል" የሚል ወቀሳ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው የቬሎሲቲ ከርቩ (የምታችሁ ጉልበት ወደ ፒያኖው የሚተረጎምበት መስመር) የት ላይ እንዳለ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያ ይገኛል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በሚዲ የእያንዳንዱ ምት ጉልበት ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር ይላካል። ኪቦርዶች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ቁልፉ ቀላል የሆነ ኪቦርድ ትንሽ ስትነኩት 100 ይልካል። ከባዱ ደግሞ ካልደበደባችሁት 80ን አያልፍም። ፕለጊኑ የምታውሉትን ኪቦርድ አያውቅም። ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያየው።

ስለዚህ የሚዲ ትራካችሁን ከፍታችሁ ቁጥሩን እዩ። በጣም ቀስ ብላችሁ ጥቂት ኖታዎች ተጫወቱ። ከዚያ እንደ ወትሯችሁ፣ ከዚያ በሙሉ ጉልበት። ቀስታችሁ 50፣ ኃይላችሁ 105 ላይ ከቆመ ከፒያኖው ግማሽ ያህሉን እንኳ አልሰማችሁትም። 16 ደረጃ ያለው ሳምፕል ፒያኖ 127ቱን ቁጥር በስምንት በስምንት ገደማ ይከፋፍላል። ከ50 በታች ያሉት ለስላሳ ቅጂዎች ዲስካችሁን ሞልተው ተቀምጠዋል፤ ጣታችሁ ግን አይደርስባቸውም።

እንደ መነሻ እኔ የምይዘው ይህን ነው። በጣም ቀስ ያለው ምት 20 አካባቢ፣ መደበኛው ከ60 እስከ 75፣ ኃይለኛው 115 አካባቢ ይውደቅ። 127 እምብዛም የማይነካ ይሁን። ድምፅ ለማውጣት መደብደብ ካስፈለጋችሁ የከርቩን መሐል ከፍ አድርጉ። ትንሽ ስትነኩት የሚጮህባችሁ ከሆነ ዝቅ አድርጉት። ፒያኖቴክ እየተጫወታችሁ ራሱ እየለካ ከርቭ የሚሠራላችሁ መሣሪያ አለው፤ ጥሩ መነሻ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ግን በጆሮ ማረም አይቀርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከርቭ በሦስት ቦታ ሊኖር ይችላል፦ ኪቦርዱ ላይ፣ የሙዚቃ ሶፍትዌሩ ላይና ፕለጊኑ ላይ። ሁለቱ ወይም ሦስቱ ከተደራረቡ ቅጥ አምባሩ ይጠፋል። የቀሩትን ቀጥ ያለ መስመር አድርጋችሁ ፕለጊኑ ላይ ብቻ አስተካክሉ። ለየፕለጊኑ ለየብቻው አስቀምጡት፤ ለአንዱ የሠራ ከርቭ ለሌላው አይሠራም።

ከርቩ ከተስተካከለ በኋላ ይህን ሞክሩ። መሐል ላይ ያለችውን ዶ ውሰዱና ከ40 እስከ 90 ቬሎሲቲው በአንድ በአንድ እየጨመረ ስትደጋገም ሚዲው ላይ ጻፏት። (ማውስ የፈቀድኩት እዚህ ብቻ ነው።) የሳምፕል ፒያኖው ደረጃዎች ጥቂት ከሆኑ የሆነ ቁጥር ላይ ድምፁ ድንገት ብራ ይላል። ከ63 ወደ 64 እንደ ማለት፣ ከለስላሳው ቅጂ ወደ ቀጣዩ ዘሎ። ጥሩዎቹ ይህንን በደንብ ይሸፍኑታል። በሞዴሊንግ ዝላይ አትሰሙም። የእውነተኛ ፒያኖ መዶሻ የለበሰው ፌልት (ጥቅጥቅ ያለ የሱፍ ጨርቅ) በፍጥነት ሲመታ እየተጨመቀ ይጠነክራል፤ ድምፁ የሚደምቀውም በዚህ ነው። ሞዴሉ ይህንኑ ስለሚያሰላ ቀለሙ ቀስ በቀስ ይቀየራል። ለስላሳ ለስላሳ የሚጫወት ሰው እጁ የሚያርፈው ዝላይ በሚሰማበት ቦታ ስለሆነ ይህን ልዩነት ቶሎ ያስተውላል።

4. ፔዳልና ድግግሞሽ

ፔዳላችሁን እወቁት። ማብሪያ ማጥፊያ ዓይነቱ 0 ወይም 127 ብቻ ይልካል። የተሻለው በመካከል ያለውንም ይልካል። የመጀመሪያው ዓይነት ካላችሁ ግማሽ ፔዳል (ፔዳሉን በከፊል ብቻ መርገጥ) ለሚባለው ነገር ገንዘብ አታውጡ፤ ፕለጊኑ ቢችለውም አይደርሰውም።

ከዚያ እነዚህን ሞክሩ። ፔዳል ረግጣችሁ ጠንካራ የባስ ኖታና የላይኛው ክፍል ኮርድ አብራችሁ ምቱ። ፔዳሉን በፍጥነት አንሥታችሁ መልሳችሁ ርገጡ። በእውነተኛ ፒያኖ ቀጫጭኖቹ አውታሮች ቶሎ ይቆማሉ። ወፍራሙ የባስ አውታር ግን ዳምፐሩ (አውታሩን ነክቶ ዝም የሚያሰኘው ክፍል) ለአፍታ ስለነካው አይቆምም፤ ከፊል ድምፁ ይቀራል። ጥሩ ሞዴል ይህን ያሰማችኋል። ከሳምፕሎቹ አንዳንዶቹ ይሞክሩታል፤ ብዙዎቹ ግን ሁሉንም ቆርጠው ይጥሉታል።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ዶ፣ ሚ፣ ሶልን ድምፅ እስከማያሰሙ ድረስ ቀስ ብላችሁ ተጭናችሁ ያዙ። በግራ እጃችሁ ዝቅ ያለችውን ዶ በኃይል መትታችሁ ልቀቁ። የያዛችኋቸው አውታሮች ዳምፐራቸው ተነሥቷልና ሳይመቱ ይዘምራሉ። ፒያኖ 230 ገደማ አውታር አለው። ፔዳል ስትረግጡ ሁሉም ለዚህ ነጻ ይሆናሉ። ሳምፕል ፒያኖ ይህን ወይ በተለየ ቅጂ ወይ በተጨማሪ ኢፌክት ያመጣዋል። ፔዳሉ ኖታው ከተመታ በኋላ ዘግይቶ ሲረገጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጥን ቅጂ የለውም። ሞዴሉ አውታሮቹን እያሰላ ስለሆነ መቼም ብትረግጡት ግድ የለውም።

ተደጋጋሚውን ኖታም ስሙ። ሳምፕሉ በእኩል ጉልበት ስትመቱት ያንኑ ቅጂ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ተለዋጭ ቅጂ ከሌለው ታ-ታ-ታ እያለ ማሽን ይመስላል። በሞዴሉ መዶሻው የሚያርፈው ገና በሚርገበገብ አውታር ላይ ስለሆነ ሁለተኛው ምት ከመጀመሪያው ይለያል። ትረሞሎና ፈጣን ድግግሞሽ የምታበዙ ከሆነ ይህ ብቻውን ይወስንላችኋል።

5. ድምፃቸውን አመጣጥናችሁ አወዳድሩ

የሁለቱንም ሪቨርብ (የክፍል ማስተጋባት) አጥፉ፤ ከፍታቸውን አስተካክሉ። በጥቂት ዴሲቤል የሚበልጠው ሁልጊዜ "የተሻለ" ይመስላል። ከቻላችሁ ሌላ ሰው ይቀያይርላችሁ፤ እናንተ ስክሪኑን አትዩ።

6. ከሙዚቃው ጋር ስሙት

ብቻውን የሚያምር ፒያኖ ከበሮና ባስ ሲገቡ ሊሰምጥ ይችላል። ቅንብሩ ሞላ ያለ ከሆነ እኔ ሳምፕል ነው የምመርጠው። ሲቀረጽ ከማይኩና ከክፍሉ ያገኘው ቀለም ሚክስ ውስጥ ቶሎ ቦታ ይይዝለታል። ጉዳቱ ክፍሉን ማውጣት አለመቻሉ ነው። በሰፊ አዳራሽ የተቀረጸ ፒያኖ ለጠባብ፣ ለቅርብ ድምፅ አይሆንም፤ ስለዚህ የቅርብ ማይክ ብቻውን የሚከፈትበትን ምረጡ።

ፒያኖ ብቻውን ወይም ከድምፃዊ ጋር ብቻ ከሆነ ወደ ሞዴሉ አደላለሁ። ሲከፈት ግን ከመጠን በላይ ንጹሕና ሰፊ ነው። ሦስት ነገር ንኩ፦ የመዶሻውን ጥንካሬ ትንሽ ቀንሱ፣ የአንድ ኖታ አውታሮች እርስ በርሳቸው ያላቸውን የቅኝት ልዩነት በጥቂቱ አስፉ፣ የስቴሪዮውን ስፋት አጥብቡ። መሐልና ላይኛው ክፍል ላይ ያሉት ኖታዎች ሦስት ሦስት አውታር ስላላቸው ሁለተኛዋ ማስተካከያ ሕይወት ትሰጣለች። ሌሎቹን ማስተካከያዎች ለሌላ ቀን ተዉአቸው፤ ውስጣቸው ከገባችሁ ሙዚቃው ይረሳል።

ከሁለቱም ከ80 እስከ 100 ኸርትዝ በታች ያለውን ቀንሱ፤ እዚያ ቦታው የባሱ ነው። ድምፁ ጭቃ ጭቃ ካለ ችግሩን ከ200 እስከ 400 ኸርትዝ መካከል ፈልጋችሁ ቀንሱ። ከዚያ ሞኖ አድርጋችሁ (ግራና ቀኙን ወደ አንድ ቀላቅላችሁ) ስሙ። በተራራቁ ማይኮች የተቀረጸ ሳምፕል ሞኖ ሲሆን አንዳንድ ኖታው ሊከሳ ይችላል።

ሁለቱን ደራርቦ መጠቀም የሚወዱ አሉ። እኔ አልወደውም። የፒያኖ ቅኝት ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄድ በመጠኑ ይለጠጣል፤ የአለጣጠጡ መጠንም ከፒያኖ ፒያኖ ይለያያል። ሁለቱ አብረው ሲጮሁ ከፍ ያሉት ኖታዎች ይወዛወዛሉ።

7. ወደ ኦዲዮ ቀይሩት

ፒያኖው ሲያልቅ ኦዲዮ አድርጋችሁ አውጡት፤ ሚዲውንም አትደምስሱ። ሥራው በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የሳምፕሉ ፎልደር ላይገኝ ይችላል። ሞዴሉም አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ድምፁ ሊቀየር ይችላል። የፕለጊኑን ስም፣ ቨርዥኑን፣ የመረጣችሁትን ድምፅና የቬሎሲቲ ከርቩን ትራኩ ማስታወሻ ላይ ጻፉ።